ሰርዶ የተከለ ሰው

ዘውድነሽ የሄደችው ከሰው ተጣልታ አይደለም፤ ከአቧራ ተጣልታ ነው። ይህን የሚለው ባሏ አስፋው ነው። ከሁለቱ ሌላ ነገሩን ያየ ሰው ስላልነበረ የእሱ ቃል ጸንቶ ቀረ።

አስፋው ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው ሐዲድ ላይ፣ ሜዳው መሐል፣ ባቡር ውኃ የሚጠጣበት የብረት ጋን ጠባቂ ነበር። ጋኑ በአራት የብረት እግር ቆሟል። በጎኑ መሰላል አለው፤ ከአናቱ ደግሞ እንደ ዝሆን ኩምቢ የሚዘረጋ ቧንቧ። ባቡር ሲመጣ አስፋው መሰላሉን ይወጣል፣ ኩምቢውን ጎትቶ በባቡሩ አፍ ውስጥ ይከታል፣ ይከፍታል፤ ሲሞላ ዘግቶ ይወርዳል። ባቡሩ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ታች፣ ሦስት ቀን ወደ ላይ ያልፋል። በሰባተኛው ቀን አስፋውና ጋኑ ቁጭ ብለው ይተያያሉ።

ቤቱ ከጋኑ ሃምሳ እርምጃ ርቆ፣ ፊቱን ወደ ሐዲዱ ያዞረ ባለ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። የደጁ መሬት አፈር ለመባል አይበቃም፤ ነጭ፣ ቀላል፣ እንደ ተነፋ ዱቄት ያለ ነገር ነው። ሲረግጡት ይነሣል፤ ባይረግጡትም ይነሣል። ከጥቅምት እስከ በልግ ነፋሱ ሜዳውን አንሥቶ በየቤቱ ያድላል። በዚያ ወገን ከአስፋው ቤት ሌላ ቤት ስላልነበረ ድርሻው ሁሉ ለእሱ ነበር።

ዘውድነሽ የምንጃር ልጅ ናት፤ እግር ላይ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር ለምዳ ያደገች። አራት ዓመት ቻለች። እንስራውን ከደነች፣ ሊጡን ከደነች፣ አልጋውን ከደነች፣ በመጨረሻ ራሷን ተከናንባ ተቀመጠች። በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር አንድ ቀን፣ ሁለት ክዳን ካረፈበት ድስት ውስጥ አቧራ አገኘችና ማማሰያውን አስቀመጠች።

«አስፋው፣» አለች፣ ድምጿን ሳትጨምር፣ «አቧራ ስበላ አራት ዓመቴ ነው። አሁን ጠግቤያለሁ።»

«ነፋሱ እኮ ሊያልፍ ነው።»

«ነፋሱማ ያልፋል። አንተም፣ ጋኑም፣ ይህ ደጅም የትም አትሄዱም። መዳፍ የምታህል ለምለም ነገር ቢኖርበት ዓይኔን እሷ ላይ ጥዬ እቆይ ነበር።»

በማግስቱ ወደ ላይ በሚወጣው ባቡር እስከ ሞጆ፣ ከሞጆ በበቅሎ ወደ አባቷ ቤት ሄደች።

ሌላ ወንድ ቢሆን ሽማግሌ ይልክ ነበር። አስፋው ግን ድሬዳዋ ባቡር ሰፈር ያደገ ሰው ነው፤ ፊሽካ ሲነፋ መነሣት፣ ቀይ ሲውለበለብ መቆም እንጂ በነገር ዙሪያ መሄድ አልተማረም። እሱ የሰማው «ለምለም ነገር» የሚለውን ነው። ያንኑ ፍለጋ ወጣ።

ከሐዲዱ ማዶ ጤፍ የሚያርስ ኢተፋ የሚባል አዛውንት ነበር። ኢተፋ ሰርዶን ሰው የሆነ ይመስል ይጠላዋል። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ማሳው ውስጥ ተቀምጦ፣ መሬት ለመሬት የሚሳበውን የሣሩን ገመድ ከነሥሩ እየመዘዘ ይከምርና ያቃጥላል። በምርቃት ጊዜ ግን እጁ ከሰርዶ ሌላ ሣር አይጨብጥም። «ማሳዬ ውስጥ ጠላቴ ነው፣ መዳፌ ላይ ሰላም ነው» ይላል፤ ሁለቱ ተጋጭተውበት አያውቁም።

አስፋው በዚያው ሰኔ ክምሩ አጠገብ ደርሶ ቆመ።

«ኦቦ ኢተፋ፣ ይህን ከሚያቃጥሉት ይስጡኝ።»

«ለምንህ?»

«ልተክለው።»

ኢተፋ የሰማ ሰው እንዳለ ለማየት ግራና ቀኝ ተመለከተ። «ያ አስፋው፣» አለ በኦሮምኛ አጠራሩ፣ «እኔ ይህን ላጠፋ ሁለት ጥማድ በሬ ጨርሻለሁ። አባቴም ይህንኑ ሲነቅል ነው ወገቡ የጎበጠው። አንተ ልታሳድገው?»

«እርስዎ ጋ አልሞትም ካለ እኔ ጋም አይሞትም ብዬ ነው።»

«እኔ ጋማ ስለምጠላው ነው የማይሞተው። አንተ ልትወደው ነው፤ ምን ዋስትና አለህ?»

ሆኖም አንድ ሸክም ሰጠው።

ኢተፋ እንዳለው ሆነ። የመጀመሪያው ሸክም በአራት ቀን ደረቀ። ሁለተኛው በስድስት። በሦስተኛው አስፋው መላውን አገኘ። በደጁ ጉድጓድ እየቆፈረ ከኢተፋ በረት ያመጣውን ፍግ፣ ከባቡሩ የሚራገፈውን አመድና ከወንዝ ዳር የጫነውን ጥቁር አፈር ቀላቀለ። ገመዱን ስንዝር ስንዝር አድርጎ ቆረጠው። ሁለቱን አንጓ ከአፈር በታች፣ አንዱን ከላይ አድርጎ አጋድሞ ተከለ። በየገመዱ ላይ ነፋስ እንዳያነሣው ድንጋይ አስቀመጠ። ከጋኑ ሥር ከሚንጠባጠበው ውኃ በቆርቆሮ እየቀዳ፣ ፀሐይ ስትበርድ እንጂ በትኩሱ ሳይሆን፣ እያንዳንዱን አጠጣ። በሃያኛው ቀን አንዱ ገመድ ጫፉን አንሥቶ አዲስ ክንድ ሰደደ። ክንዱ ስንዝር ሲሄድ አንጓ አበጀ፤ አንጓው አፈር ሲነካ ሥር ሰደደ። አስፋው ጎንበስ ብሎ ሲያየው ቆየና ጉንጩን በእጁ ጠረገ። አቧራ ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት ይሆናል።

አሁን አንድ ችግር ቀረ፤ እሱም ሰው ነው።

ከጋኑ ሥር የሚንጠባጠበውን ውኃ የማዶ ሴቶች ጠዋትና ማታ ይቀዳሉ። መንገዳቸው በአስፋው ደጅ ነው። የሴቶቹ አውራ ቀመሪያ ናት፤ ከወሎ መጥታ ጨው ነጋዴ ያገባች፣ እንስራ ተሸክማም ቢሆን ወሬ የማይጎድልባት ሴት። ሲያልፉ «አያ አስፋው፣ አደርክ ወይ» ይላሉ፤ ሲመለሱ «አያ አስፋው፣ ዋልክ ወይ» ይላሉ። ዘውድነሽ ከሄደች ወዲህ በቀን ውስጥ ስሙን የሚጠራው ይኸው ነበር።

ቡቃያውን የረገጡትም እነዚሁ ናቸው። ሰርዶ ካደገ በኋላ እግር አይፈራም፤ በጨቅላነቱ ግን አንድ ተረከዝ ይበቃዋል። አስፋው መጀመሪያ በአፍ ለመናቸው።

«እባካችሁ አትርገጡት።»

«የቱን?» አለች ቀመሪያ፤ ቆማበት ነበር።

ከዚያ እሾሃማ ቆንጥር እየቆረጠ ደጁን ዙሪያውን አጠረ። ሴቶቹ በጋኑ ጀርባ ዞረው መቅዳት ጀመሩ። ቀመሪያ በአጥሩ ላይ አሻግራ አየችው።

«አያ አስፋው፣ ሰው ጠላቱን ሲረግም ምን እንደሚል ታውቃለህ አይደል?»

«ምን ይላል?»

«‹ደጅህ ሣር ይብቀልበት› ይላል። እግር ይራቅህ ማለት ነው። ማንም ሳይረግምህ ለራስህ ታጠጣዋለህ?»

«ያ ሳይጠሩት የሚመጣ ሣር ነው፣» አለ አስፋው። «ይህን እኔ ነኝ የጠራሁት።»

ቀመሪያ እንስራዋን አስተካክላ ሄደች። በጋኑ ጀርባ የሚያልፍ ሰው ደግሞ ቤቱን ስለማያይ «አደርክ ወይ» ማለቱን እየረሳው ሄደ።

በሁለተኛው ክረምት ሰርዶው እርስ በርሱ ተጨባበጠ። አስፋው ኩርንችቱን በጣቱ ይለቅማል፣ ፍየል ያባርራል፣ የኢተፋን ጥጃ «ኧረ አትርገጪው እናቴ» እያለ በለዘብታ ያስወጣል። ገመዱ ወደ ቤቱ ግድግዳ ደረሰ። ከዚያ ወደ በሩ መድረክ። በመድረኩ ላይ ወጥቶ በሩ ሥር ቆመ። አስፋው በሩን ቢከፍት ይቀጥፈዋል፤ ስለዚህ ከውስጥ ቀረቀረውና በጓሮ በኩል ካለችው ጠባብ በር ይገባና ይወጣ ጀመር። ለምሽቱ ማረፊያ የሚሆን ድንጋይ ከአጥሩ ውጭ አኖረ። እዚያ ተቀምጦ ደጁን ያየዋል። ስለ ባቡሩ መዘግየት አንድ ሁለት ነገር ይነግረዋል። የሰርዶ መልካምነቱ ሌላ ወሬ አለመጠበቁ ነው።

በሰኔ መጨረሻ ላይ ወደ ምንጃር የሚሄድ ነጋዴ አገኘና «ደጁ ለምልሟል በሏት፤ ሌላ አትጨምሩ» ብሎ ላከ።

የዘውድነሽ አባት ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቀው በመስከረም ልጃቸውን ሙሉብርሃንን «ሂድና እይ» ብለው ሰደዱት። ሙሉብርሃን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ አይቶ የሚያውቅ ነው። የመጣበት ቀን አስፋው ለፋኖሱ ጋዝ ሊያመጣ አዳማ የሄደበት ቀን ሆነ። ሙሉብርሃን በቅሎውን አጥሩ ጥግ አቁሞ አየ። አጥሩ በቆንጥር ተዘግቷል። በግቢው ውስጥ የአንድ ሰው እግር እንኳ ያለፈበት ፈለግ የለም። ሣሩ መድረኩ ላይ ወጥቷል። በሩ ተቀርቅሮ የደረቀ ሸረሪት ድር ይዟል። «ቤቶች» አለ አንድ ጊዜ። መልስ የለም። በምንጃር እንዲህ ያለ ደጅ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሙሉብርሃን ባርኔጣውን አወለቀ፣ አጥሩን ተሳለመ፣ ትንሽ አለቀሰና ተመለሰ።

አስፋው ይህን የሰማው በኅዳር፣ ከወለንጪቲ ገበያ ከተመለሰው ከኢተፋ ነው። ኢተፋ መጥቶ ድንጋዩ ላይ ከጎኑ ተቀመጠ።

«ከምንጃር ጤፍ ይዞ የመጣ ሰው አገኘሁ። ‹ያንን የጋን ጠባቂ ምን ገደለው?› አለኝ።»

«የቱን ጠባቂ?»

«አንተን።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«‹ዛሬ ጠዋት ደህና ነበር› አልኩት።»

ኢተፋ የቀረውን አንድ በአንድ ነገረው። ሙሉብርሃን ያየውን ተናግሯል። ዘውድነሽ ጠጉሯን ተላጭታለች፣ ጥቁር ለብሳለች፣ ቄስ አስጠርታ አርባውን አውጥታለች። ድግሱ ትንሽ ነበር ግን ሰው አላማውም።

«ብዙ አለቀሰች?» አለ አስፋው።

«ሰውየው ‹እሷን ዝም ማሰኘት አቃተን› ነው ያለኝ።»

አስፋው ወደ ሰርዶው ዞረ። ፊቱ ላይ ከኀዘን ይልቅ ወደ ደስታ የሚጠጋ ነገር ነበር፤ ኢተፋ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

በቀጣዩ ገበያ ኢተፋ «ሰውየው በሕይወት አለ፣ ሣሩን የተከለው እሱ ነው» ብሎ ላከ። በሚቀጥለው የዘውድነሽ መልስ መጣ። ኢተፋ በቃሉ ይዞት ስለነበር እንዳይረሳው ቆሞ ነው የነገረው።

«‹ካለ እሰየው፣› ብላሃለች። ‹ግን ለቅሶዬን ጨርሻለሁ። ወንድሜ ዓይኑ ደህና ነው፤ ያየው የሰው ደጅ አይደለም። በታኅሣሥ ለቁልቢ ገብርኤል ስለት አለብኝ። ስወርድ ባቡሩ ውኃ ሲጠጣ ወርጄ በዓይኔ አያለሁ። ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ቤት ከሆነ፣ ከቁልቢ ስመለስ ባቡሩን አስቁሜ ከነጓዜ እወርዳለሁ። ካልሆነ አልቅሼለታለሁ፤ ሁለተኛ አላለቅስም።› ይኸው ነው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።»

ታኅሣሥ ሊገባ አሥር ቀን ቀርቶታል። አስፋው በዚያው ዕለት ቆንጥሩን ከፍቶ፣ የበሩን መቀርቀሪያ አላቅቆ፣ መድረኩ ላይ የወጣውን ገመድ ወደ ጎን በእጁ አስተኛው። አልቀጠፈውም። ከዚያ ወደ ጋኑ ጀርባ ሄደ።

«ቀመሪያ፣ ከዛሬ ጀምሮ በደጄ እለፉ።»

«ምን ሆነህ?»

«ደጁ እግር እንዲታይበት ነው።»

ሴቶቹ ተያዩ። «አያ አስፋው፣ ሁለት ዓመት ሆነን እኮ። እግራችን ይህን ለምዷል።»

«ለአንድ ወር ብቻ።»

ቀመሪያ ጨዋ ናት፤ በማግስቱ እንስራዋን ተሸክማ ገባች። አስፋው ከጓሮ ወጥቶ ቆሞ ያያት ነበር። አንድ እርምጃ ስትራመድ ትከሻው ትንሽ ዝቅ ይላል። ሌላ ስትራመድ ይደገማል። መሐል ላይ ደርሳ ቆመች።

«እኔ እየረገጥኩ ያለሁት ሣሩን ነው አንተን?» አለች።

«እለፊ፣ እለፊ። ምንም አይደል።»

አለፈች። ሁለተኛ ግን አልመጣችም፤ ሌሎቹም የእሷን አይተው ቀሩ። አስፋው ከዚያ ወዲያ ብቻውን ገባበት። ከአጥሩ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አጥሩ፣ ጠዋት ሃምሳ ጊዜ፣ ማታ ሃምሳ ጊዜ ተመላለሰ። ሰርዶው ማታ ማታ ጠፍጥፎ ይተኛል። በነጋታው ጤዛውን ጠጥቶ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። በስምንተኛው ቀን ኢተፋ ማዶ ሆኖ ሲያየው ሞፈሩን አስደግፎ ተጣራ።

«ያ አስፋው! እኔ በበሬ ያልቻልኩትን በእግርህ ልትችለው?»

ታኅሣሥ አሥራ ስድስት የቁልቢ ተሳላሚ የጫነው ባቡር ረፋድ ላይ ደረሰ። ፉርጎው ሁሉ ሰው ነው፤ በመስኮቱ ጃንጥላ ወጥቷል፣ ከመጨረሻው ከበሮ ይሰማል። አስፋው የታጠበ ኮቱን ለብሶ ነበር። የሚላትን ደግሞ ሌሊቱን ሁሉ አጥንቶታል፤ ሦስት ቃል ነው፤ «ግቢ፣ የራስሽ ነው»። ነገር ግን ባቡር ባቡር ነው። መሰላሉን ወጣ፣ ኩምቢውን ጎተተ፣ ከፈተ። ውኃው መንጎድጎድ ጀመረ።

ከላይ ሆኖ አያት። ከሦስተኛው ፉርጎ ወረደች። ጥቁሩን አውልቃለች፤ ጠጉሯ ግን ገና አጭር ነው፣ ነጠላዋን አናቷ ላይ አድርጋዋለች። ከስታለች ወይስ ሩቅ ስለሆነች ነው፣ አልለየለትም። ወደ ላይ ቀና ብላ አየችው፤ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ሰላም አለችው፤ የሞተ ሰው ሲነሣ ማየት ምን እንደሚያስብል ያልታወቃት ትመስል ነበር። ከዚያ ወደ ደጁ ሄደች።

ሜዳው በዚያ ወር ገለባ ነው። እስከ ቦሰት ተራራ ድረስ አረንጓዴ የሚባል ነገር አይታይም። በዚያ ሁሉ መሐል የአስፋው ደጅ ብቻ፣ ከአጥር እስከ አጥር፣ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ዘውድነሽ በተከፈተው ቆንጥር አፍ ላይ ቆመች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። አስፋው ከላይ ሆኖ ይህን አየ፤ ሁለት ዓመት የለፋው ለዚህች እጅ ነው።

ዞር ብላ ጠየቀችው፤ ውኃው እየጮኸ ስለሆነ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«በየት በኩል ነው የሚገባው?»

እግሯን አንሥታ ነበር። ባዶ እግሯን፣ ተረከዙን። አስፋው አፉን ከፈተ።

«አትርገጪው፣» አለ።

ቃሉ ሳያዘው ነው የወጣው። በቁጣም አልነበረም፤ ለፍየሉ፣ ለጥጃዋ፣ ለሴቶቹ ሁለት ዓመት ሲለው በኖረበት በዚያው የልመና ድምፅ ነው፣ ከውኃው ጩኸት በላይ ከፍ ብሎ። ዘውድነሽ ያነሣችውን እግር መልሳ ቦታው ላይ አሳረፈችው። እግሯን አየች፤ ሣሩን አየች፤ በሩን አየች።

«ለምለም ነው፣» አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

አስፋው ሦስቱን ቃላት ሊል ሲል ውኃው ከባቡሩ አፍ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ነጂው በመስኮት ብቅ ብሎ ተሳደበ። ዞሮ ዘጋ፣ ኩምቢውን መለሰ። ተመልሶ ሲያይ ዘውድነሽ የፉርጎውን ደረጃ እየወጣች ነበር። አንዲት አሮጊት ክንዷን ይዘው አስገቧት። ፊሽካ ተነፋ።

ኢተፋ ከማሳው መጣ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«መጣች?»

«መጣች።»

«ወረደች?»

«ወረደች።»

«ገባች?»

አስፋው መሰላሉን በጨርቅ ይጠርግ ነበር፤ አቧራ ይዞታል። «እንዳትረግጠው ነገርኳት፣» አለ።

ኢተፋ አልሳቀም። «ያ አስፋው» አለ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ግን ተነሥቶ አልሄደም፤ ይህ ለኢተፋ ብዙ ነው፣ ከብቶቹ አልገቡም ነበርና።

ተሳላሚዎቹ በአምስተኛው ቀን ተመለሱ። አስፋው ከንጋት ጀምሮ ኮቱን ለብሶ ሐዲዱ ዳር ቆመ። ምናልባት ነው፤ ሰው ስለቱን ሲያደርስ ልቡ ይራራል ይባላል። ከሰዓት በኋላ ጢሱ ከወለንጪቲ በኩል ታየ። ባቡሩ ቀረበ። ከበሮው ደክሞ ዝም ብሏል፤ በመስኮቶቹ የሚታየው የተኛ ራስ ነው። በሦስተኛው ፉርጎ አንዲት ባለ ነጠላ ወደ ሌላው ወገን፣ ወደ ማዶው ሜዳ፣ ፊቷን አዙራ የተቀመጠች መሰለችው። እጁን እስከ ደረቱ አነሣ።

ባቡሩ አልቆመም። ወራጅ አልነበረውም፤ ውኃም ይዞ ነበር።